ፊደል ያልቆጠሩት አያት ያስጠኑት እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ ወላጅን የሚያስጨንቀው እኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ቻይና ሄጄ የሁናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው ቻንግሻ ስኖር ግን ጭንቀቱ እዚያም እንዳለ አየሁ። እንዲያውም የእነሱ ሳይብስ አይቀርም። እኛ እንግሊዝኛን በየመንገዱ ማስታወቂያ ላይ እናየዋለን፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የምንማርበት ቋንቋ ነው። የቻይና ልጅ ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም የሚማረው በራሱ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ለእሱ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ከክፍል ሲወጣ የሚያናግርበት ሰው አያገኝም። ሆኖም ይኸው አንድ ትምህርት «ጋኦካኦ» ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና 750 ነጥብ ውስጥ በአብዛኛው አካባቢ 150ውን ይይዛል። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም አይለቀውም፤ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል።

ይህ ሁለተኛው የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ሲሆን በመላ አገሪቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁን እና በዲሴምበር፣ ቅዳሜ ቀን ይሰጣል። ጠዋት አራተኛው ደረጃ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ያለው ስድስተኛው ደረጃ። ተማሪዎቹ አራተኛውን ባጭሩ «ስጂ» ይሉታል። የሚታረመው ከ710 ነጥብ ነው። የውጤት ወረቀቱ ላይ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» የሚል ቃል የለም። ነገር ግን 425 ያላገኘ ለስድስተኛው ደረጃ መቀመጥ አይችልም፤ ብዙ ቀጣሪዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ቁጥር ነው። ስለዚህ የተማሪው ሁሉ ዓይን ያለው 425 ላይ ነው።

ፈተናው ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ በ30 ደቂቃ ከ120 እስከ 180 ቃላት ያለው ድርሰት ይጻፋል። ቀጥሎ 25 ደቂቃ ማዳመጥ፣ ከዚያ 40 ደቂቃ ንባብ፣ በመጨረሻ 30 ደቂቃ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም። መናገር የለበትም። የንግግር ፈተና ለብቻው አለ፤ የሚወስደው የፈለገ ብቻ ነው። ቻይናውያን ራሳቸው ትምህርታቸውን «ዲዳ እንግሊዝኛ» እያሉ ይቀልዱበታል። አንብቦ ይገባዋል፣ አፉን ግን አይፈታም ለማለት ነው።

ዝግጅቱን ሳይ እኛ ለማትሪክ የምናድረው እንቅልፍ አልባ ሌሊት ትዝ ይለኝ ነበር። ገና በጠዋቱ በግቢው ዛፎች ሥር መጽሐፍ የያዙ ልጆች ለየብቻቸው ቆመው ጮክ ብለው ያነባሉ። በእጃቸው ያለው አራት ሺህ ምናምን ቃላት የተደረደሩበት የቃላት መጽሐፍ ነው። ቃላቱ በፊደል ተራ ስለሚሄዱ በብዙዎቹ መጽሐፎች መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ቃል «አባንደን» ነው፤ ትርጉሙም «መተው»። ተማሪው ጥናቱን ይጀምርና ያቋርጣል፤ በወሩ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ገጽ ይነሣል። በዚህ የተነሣ «አባንደን»ን የማያውቅ ቻይናዊ የለም እየተባለ ይቀለዳል። የመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ በጣት ብዛት ጠቁሮ ቀሪው ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

የዲሴምበሩ ፈተና ደግሞ ብርድ አለበት። የሰሜን ቻይና ከተሞች ቤቶቻቸውን በማዕከል ያሞቃሉ። ቻንግሻ ግን ደቡብ ናት ተብላ ይህ አልተሠራላትም፤ ክረምቷ እርጥብና አጥንት የሚገባ ነው። ልጆቹ የሞቀ ውኃ የተሞላ ጎማ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጣቶቻቸውን እያፍተለተሉ ያጠናሉ።

እኔም በዚያው ወቅት የራሴ ፈተና ነበረብኝ። ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠውን የቻይንኛ ፈተና አራተኛ ደረጃ ለመውሰድ 1200 ቃላት እሸመድድ ነበር። በዚህ ምክንያት ከአንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ጋር የቋንቋ ጓደኝነት ጀመርን። በሳምንት ሁለት ማታ እየተገናኘን አንድ ሰዓት እሷ ቻይንኛ ታስተምረኛለች፣ አንድ ሰዓት እኔ በእንግሊዝኛ አግዛታለሁ። በዕድሜ ስለምበልጣት «ጂዬጂዬ» ትለኝ ነበር፤ ታላቅ እህቴ ማለት ነው።

ልጅቱ ሰነፍ አልነበረችም። የቃላት መጽሐፏን እስከ መጨረሻው ገጽ የጨረሰች ነበረች። ሆኖም ሁለት ጊዜ ተፈትና በመጀመሪያው 397፣ በሁለተኛው 411 አምጥታለች። የዲሴምበር 2018ቱ ፈተና ከመመረቋ በፊት ውጤቱን ይዛ ሥራ መጠየቅ የምትችልበት የመጨረሻው ዕድል ነበር። እዚያው ቻንግሻ ልትቀጠርበት የምትፈልገው ድርጅት 425 ያላገኘ አመልካች አይቀበልም። ካልሆነላት የሚቀራት እንደ እናትና አባቷ ወደ ጓንግዶንግ ፋብሪካዎች መሄድ ነው። ወላጆቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚያ ስለሚሠሩ ቤታቸው የሚመጡት በዓመት አንዴ፣ ለቻይናውያን አዲስ ዓመት ነበር። ያሳደጓት የአባቷ እናት ናቸው። ከቻንግሻ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ በሚያስኬድ መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጅቱ የፈራችው እሳቸውን ጥሎ መሄድን ነው።

አብረን መሥራት ስንጀምር ስህተቶቿን ደብተር ላይ እየመዘገብኩ አየኋቸው። አብዛኞቹ ካለማጥናት የመጡ አልነበሩም። ቻይንኛዋ ነው እንግሊዝኛዋ ውስጥ የሚናገረው።

በቻይንኛ ግስ አይረባም። እኛ «ሄድኩ፣ ትሄዳለች፣ እንሄዳለን» ስንል በአንዷ ቃል ውስጥ ማን እንደሄደና መቼ እንደሆነ እንነግራለን። በእነሱ «ትናንት እኔ ሂድ፣ ነገ እኔ ሂድ» እንደማለት ነው፤ ጊዜውን የሚነግረው «ትናንት» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ልጅቱ እንግሊዝኛውን ስትጽፍ ያለፈውን ጊዜ ትረሳዋለች፤ ለእሷ «ትናንት» ካለች በቂ ነው። «እሱ» እና «እሷ»ም በንግግር አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሁለቱም «ታ» ነው የሚባሉት። ስለ አያቷ ስታወራኝ አንዴ «ሺ» ብላ ጀምራ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ሂ» ትላቸዋለች። በዚያ ላይ ብዙ የሁናን ሰዎች በአገራቸው አነጋገር «ነ»ንና «ለ»ን አይለዩም። በማዳመጫው «ናይት» እና «ላይት» ለእሷ ጆሮ አንድ ነበሩ።

አንዳንዱ ግን የእኛም ነው። አንድ ሰው «አልበላሽም?» ሲለን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። ቻይናውያንም እንደዚሁ ይመልሳሉ። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ «ኖ» ነው የሚለው፤ በማዳመጥ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚበላው ይኸው ነው። እኛ «ምንም እንኳ ቢደክመኝም ግን መጣሁ» እንላለን፤ እነሱም «ምንም እንኳ» ባሉበት «ግን» ይጨምራሉ። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፈልጋል። እኛ «ሦስት ልጅ አለኝ» ብንል አማርኛችን አይከፋም፤ እነሱም ስም አያበዙም።

ከሁሉ የገረመኝ ቁጥር ነው። ቻይንኛ ከአንድ ሺህ ቀጥሎ ለአሥር ሺህ የራሱ ስም አለው፤ «ዋን» ይሉታል። አንድ ሚሊዮን በእነሱ «መቶ ዋን» ነው። ልጅቱ ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ዜሮ የሚጎድልባት ወይም የሚተርፍባት ለዚህ ነበር። እኛም «እልፍ» አለን፤ በግዕዝ አኃዝ ፼ ብለን የምንጽፈው አሥር ሺህ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮንን «መቶ እልፍ» ብለን ስንቆጥር ከቻይናውያን ጋር አንድ ነን። ይህን ስነግራት ደብተሯ ላይ ፼ን ሣለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስህተቷን ስናገኝ ማፈሯን ተወች። «ይኼ የቻይንኛዬ ነው» ትልና አስተካክላ ታልፋለች።

አንድ ማታ «ልጅ ሳለሽ ማን ነበር የሚያስጠናሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አያቴ» አለችኝ። አያቷ ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው። የሚናገሩት የመንደራቸውን አነጋገር ብቻ ነው፤ በቴሌቪዥን የሚሰማውን መደበኛ ቻይንኛ እንኳ በግማሹ ነው የሚረዱት። ሆኖም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊታቸው አስቀምጠው፣ እሳቸው ቃሪያ እየቀነጠሱ፣ የዕለቱን ትምህርት ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ያደርጉ ነበር። የምታነበው ምን እንደሆነ አያውቁም። ድምፅዋ ሲሰበር ግን ያውቃሉ። «እዚህ ጋ አላወቅሽውም፤ ተመለሺ» ይሏታል። ዞር ብላ ስታየው ሁልጊዜም ልክ ናቸው።

«ታዲያ አሁንስ ለምን አታነቢላቸውም?» አልኳት። ሳቀች። «እንግሊዝኛ ነው እኮ ጂዬጂዬ!» አለችኝ። ሆኖም እሑድ ማታ እኔ ባለሁበት ደወለችላቸውና ከአሮጌ የፈተና ወረቀት አንድ አንቀጽ አነበበችላቸው። አያትየው ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ «የመነኩሴ ድጋም ይመስላል» አሉ። ቀጥለውም «መካከሉ ላይ ሁለት ቦታ ድምፅሽ ተሰብሯል» አሏት። ልክ ነበሩ፤ ሁለት የማታውቃቸውን ቃላት ረግጣ አልፋ ነበር።

ከዚያ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቋት። «ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው የሚያወራው?» አሏት። ልጅቱ አንቀጹን በመንደሯ አነጋገር ልትነግራቸው ጀምራ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች። ቃሉን ሁሉ ታውቀዋለች፤ የሚለውን ግን አልጨበጠችውም። በጥያቄው ሥር ካሉት አራት ምርጫዎች አንዱን ማክበብ ትችል ነበር፤ ለአያቷ ማስረዳት ግን አቃታት። እንደገና አነበበችው፣ ገባት፣ ነገረቻቸው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሥራው ይኸው ሆነ። መጀመሪያ ታነብላቸዋለች፤ ቀጥላ ያነበበችውን በመንደራቸው አነጋገር ታስረዳቸዋለች። ከዚያ እሳቸው ከራሳቸው ሕይወት አንድ ነገር ያወሯታል። በመጀመሪያ ስለ ክረምት ሥጋ ጭስ ላይ ሰቅሎ ማድረቅ ነበር፤ ሌላ ቀን ስለ ጎርፍ፣ ሌላ ቀን አባቷ ልጅ ሳለ ስለጠፋባቸው በግ። ማክሰኞ ስንገናኝ የሰማችውን በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ ከዚያ በ30 ደቂቃ ትጽፈዋለች። ታሪኩ ሁሉ ያለፈ ጊዜ ነው፤ ባለታሪኳም ሴት ናቸው። «ሺ» የምትለዋ ቃልና ያለፈው ጊዜ ግስ ሳታስበው አፏ ላይ ይጸኑ ጀመር። መጽሐፉ ላይ ደረቅ ሆነው የቆዩት ቃላት ሰው አገኙ።

የትርጉሙ ክፍል ላይ ደግሞ አያትየው ከእኔ በላይ ጠቀሟት። የሚተረጎመው አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ስለ ቻይና ባህል፣ ታሪክና ኑሮ ነው። በዲሴምበር 2016 ከመጡት አንቀጾች አንዱ ስለ ቀይ ቀለም ነበር፤ ሌሎቹ ስለ ቢጫና ስለ ነጭ። ነጭ በእነሱ ባህል ከቀብር ጋር የተያያዘ ነው፤ እኛ ነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ለሐዘን ጥቁር እንደምንለብሰው አይደለም። ልጅቱ ስለዚህ ጉዳይ የምታውቀውን ሁሉ ያወቀችው ከአያቷ ነው። ከተማ ተወልደው ያደጉ የክፍል ጓደኞቿ በቻይንኛ የተጻፈውን የባህል ቃል ራሱን ሳይገባቸው ሊተረጉሙት ሲታገሉ፣ እሷ ቢያንስ የምትተረጉመው ነገር ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። እንግሊዝኛው ቢጠፋት እንኳ በሌላ አነጋገር ዞራ ትደርስበታለች።

ፈተናው ካለፈ በኋላ ለአዲስ ዓመታቸው በዓል መንደሯ ድረስ ይዛኝ ሄደች። አያትየው እጄን ይዘው እሳት ዳር አስቀመጡኝ፤ የሚናገሩትን ልጅቱ ወደ መደበኛው ቻይንኛ እየመለሰች እኔም እየመለስኩ አወራን። ስለ እንግሊዝኛው ሳመሰግናቸው እጃቸውን አወዛወዙ። «እኔ ምን አውቄ? ዝም ብዬ ሰማኋት እንጂ» አሉ። ስንወጣ «ባይባይ» ብለው ሸኙን። ይህ ቃል የእንግሊዝኛ መሆኑን አያውቁም፤ ቻይናውያን የራሳቸው አድርገውታል። የእኛ እናቶች «ቻው» ሲሉ ጣሊያንኛ መሆኑን እንደማያስቡት ማለት ነው።

ውጤቱ የወጣው ከበዓሉ በኋላ ነው። 438። ማዳመጡ አሁንም ዝቅ ያለ ነበር፤ ድርሰቱና ትርጉሙ ግን ከፍ አድርገዋታል። ድርጅቱ ማመልከቻዋን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ቻንግሻ ሥራ ጀመረች። ቁጥሩ የመጣው በአያቷ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቃላቱን የሸመደደችው፣ በብርድ የተቀመጠችው እሷ ናት። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ብቻዋን አጥንታ ያልደረሰችበት ቦታ ላይ በሦስተኛው የሚሰማት ጆሮ ኖሯት ደረሰች።

አገሬ ከገባሁ በኋላ የዲሴምበር 2019ን ፈተና አየሁት። ከትርጉም አንቀጾቹ አንዱ ስለ ቻይና ቤተሰብ ነው። ቀድሞ አራት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖሩ የተለመደ እንደነበር፣ ዛሬ ወጣቶች ለብቻ መኖርን እየመረጡ እንደሆነ፣ ሆኖም ብዙ አረጋውያን አሁንም የልጅ ልጆቻቸውን እንደሚንከባከቡ ይናገራል። ለልጅቱ ላክሁላት። በመንደራቸው አነጋገር ለአያቷ ስትነግራቸው «ይህንንስ ለማወቅ ምን ፈተና ያስፈልገዋል?» አሉ ብላ ጻፈችልኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው እዚህ በምሰማው ነገር ምክንያት ነው። ልጃቸው እንግሊዝኛ እንዲችል ብለው ቤት ውስጥ አማርኛ የሚከለክሉ ወላጆች አውቃለሁ። ልጁ የካርቱን እንግሊዝኛ ይለምዳል፤ «አፕል ስጪኝ» ማለት አያቅተውም። ጥግ ላይ የተቀመጡት አያቱ ግን የሚያወሩት አጥተው ይውላሉ። እሳቸው ጋ ያለው ተረት፣ የዘመድ ቆጠራ፣ ያለፈ ዘመን ወሬ ወደ ልጁ የሚሻገርበት ድልድይ ይፈርሳል። ከዚያ ልጁ አድጎ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፍ ሲባል ቃል ይኖረዋል፤ የሚጽፈው ነገር ግን ያጥረዋል።

ወላጆች፣ ልጁ «አይ ሃቭ ስሪ ፔን» ቢል በቁጣ አታቋርጡት። ሦስት እስክሪብቶ የሚለው አማርኛው ነው። ይጨርስ፤ ከዚያ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልዩነቱን አሳዩት። የተገነዘበውን ስህተት በራሱ ያስተካክለዋል።

አያቶች ደግሞ፣ «እንግሊዝኛ ባላውቅ ምን እረዳዋለሁ?» አትበሉ። ቡና ስታፈሉ ወይም ጎመን ስትቀነጥሱ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ ትሰሙታላችሁ፤ መልሱት። አንብቦ ሲጨርስ «ስለ ምንድን ነው?» በሉትና በአማርኛ ያስረዳችሁ። ማስረዳት ካቃተው አልገባውምና ይድገመው። በመጨረሻ አንድ ነገር አውሩት፤ ስለ ሠርጋችሁ፣ ስለ ድርቁ ዘመን፣ ስለ መጀመሪያው አውቶቡስ። በማግሥቱ ያንኑ በእንግሊዝኛ ለአስተማሪው ወይም ለታላቅ እህቱ ይንገር። ለዚህ ገንዘብ አይወጣበትም፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።